የሔዋን የተደበቁ ልጆች፦ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እና “ጥላ” በጎንደር ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶቻችን የካርል ጉስታቭ ዩንግ ስም ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ምላሽ ይሰማል። አንዱ ወገን፣ ሰውየው ሥነ ልቡናን ከመናፍስታዊ ነገር ጋር የቀላቀለ ስለ ሆነ አይነበብ ይላል። ሌላው ወገን ከምክር አገልግሎት መጻሕፍት ያገኛቸውን “አርኬታይፕ” እና “ጥላ” የሚሉ ቃላት ሳይመረምር ይዟቸው ወደ መድረክ ይወጣል። ይህ ጽሑፍ በሌላ መንገድ ይሄዳል። የዩንግን ሐሳብ እኛው አገር በሆነ፣ ብዙ ሰው ባስለቀሰ ታሪክ ላይ አሳርፈን እንመዝነዋለን። ታሪኩም በጎንደርና በዙሪያዋ ቀጥቃጩን “ቡዳ” ያሰኘው ታሪክ ነው።

ነገሩ የድሮ ወሬ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፈው ፀዳ ሲደርሱ፣ ከዚያም ወደ ማክሰኝት ሲቀጥሉ፣ የሚያዩት እርሻ ሁሉ በማረሻ የታረሰ ነው። ገበሬው ያለ ማረሻ አንድ ትልም አያወጣም፤ ያለ ማጭድ አንድ ነዶ አይሰበስብም። ነገር ግን ማረሻውን የቀጠቀጠው ሰው ለወንድ ልጁ የዚያን ገበሬ ሴት ልጅ ቢጠይቅ መልሱ ምን ይሆናል? እርስዎ መጋቢ ከሆኑ ይህን ጥያቄ በሽምግልና ላይ ሰምተውት ይሆናል። “ቡዳ በላኝ” ብሎ ለጸሎት የመጣ ሰውም አጋጥሞዎት ይሆናል። በዚያ ሰዓት የምንጠይቀው ጥያቄና የምንቀበለው መልስ የአንድን ጎረቤት ኑሮ ሊያፈርስ ይችላል።

ሁለት ተረቶች

ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በመንዝ ስለ ቡዳ እምነት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትሟል። እርሱ ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ ቡዳ ከየት እንደ መጣ የሚናገር ተረት ነው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ባላት ጊዜ ፈራችና ዐሥራ አምስቱን ደበቀች። እግዚአብሔርም የደበቀችውን ዐወቀ። ያሳየችውን መረጠ፤ የተደበቁትን ረገመ። ከተረገሙት ከፊሎቹ የዱር አራዊት ሆኑ፤ ሌሎቹ ሰው እንደ ሆኑ ቀሩ፤ ነገር ግን የዲያብሎስ መሣሪያ ይሆኑ ዘንድ ተሰደዱ። የቡዳ ዘር የመጣው ከእነዚህ ነው ይላል ተረቱ።

አሁን ወደ ጀርመን እንሻገር። ወንድማማቾቹ ግሪም ከሰበሰቧቸው ተረቶች መካከል ስለ ሔዋን ልጆች የሚናገር አለ። በዚያም ሔዋን እግዚአብሔር ሊጎበኛት እንደሚመጣ ስትሰማ መልከ መልካሞቹን አጥባና አልብሳ ታቀርባለች፤ መልከ ክፉዎቹን በሣርና በምድጃ ውስጥ ትደብቃለች። የቀረቡት ንጉሥ፣ መስፍን፣ ነጋዴና ሊቅ እንዲሆኑ ይባረካሉ። ሔዋን ይህን አይታ የተደበቁትን ስታወጣ ግን ለእነርሱ የተረፈው ሌላ ዕጣ ነው፤ ገበሬ፣ ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ይሆናሉ።

ይህ ተረት ከእኛ ከወንጌላውያን የእምነት ታሪክ ጋር ይገናኛል። የሉተር የሥራ ባልደረባ ፊሊጵ ሜላንክቶን እ.ኤ.አ. በ1539 በጻፈው ደብዳቤ ተርኮታል፤ በእርሱ አተራረክ እግዚአብሔር የሔዋንን ልጆች ስለ እምነት ትምህርታቸው ይጠይቃቸዋል። የሉተርን ተሐድሶ የደገፈው የኑርምበርጉ ጫማ ሰፊና ገጣሚ ሐንስ ዛክስም እ.ኤ.አ. በ1553 ተውኔት አድርጎታል። እጁ በቆዳ የሚውል ሰው፣ ባለ እጆችን ወደ ታች የሚያወርድ ተረት ለመድረክ አበቃ ማለት ነው።

ከኑርምበርግ እስከ መንዝ ያለውን ርቀት ያስቡ። ሁለቱ ተረቶች ግን አንድ አጥንት አላቸው፤ እናት፣ ፍርሃት፣ መደበቅ፣ የእግዚአብሔር ዓይን፣ ከዚያም የሰው ልጅ በሁለት መከፈል። ይህ ተመሳሳይነት ከየት መጣ? የተረት ታሪክ አጥኚዎች፣ ተረት ከነጋዴና ከመነኩሴ ጋር አገር ለአገር ይዞራል ይላሉ። ዩንግ ደግሞ ሌላ ምክንያት ያቀርባል። በሰው ሁሉ ልቡና ውስጥ፣ ንቃታችን ከማይደርስበት ጥልቅ ቦታ፣ የጋራ የሆኑ የምስል ቅርጾች አሉ ይላል። እነዚህን አርኬታይፕ አላቸው፤ በእኛ ቋንቋ “ጥንተ አምሳል” ልንላቸው እንችላለን። እናት፣ እባብ፣ እሳት፣ የተደበቀ ልጅ፣ ጠቢብ ሽማግሌ በየአገሩ ተረት፣ በየሃይማኖቱ ሥዕልና በየሰው ሕልም የሚመላለሱት ከዚያ ስለሚፈልቁ ነው ይላል። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕሎች ያየ ሰው፣ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ የአክሱምን ሰዎች ያስገብር ነበር የሚባለውን እባብ፣ አርዌን፣ ቢያስታውሰው ዩንግ አይገርመውም ነበር።

ተረቱ ተጉዞም ይሁን ከልብ ጥልቅ ፈልቆ፣ ለመጋቢ የሚበልጠው ጥያቄ ተረቱ በደረሰበት አገር ምን ሥራ ሠራ የሚለው ነው። በኑርምበርግ ባለ እጁን ዝቅ አደረገው። በእኛ አገር ግን ከዚያ አልፎ ከሰው ተራ አወጣው።

ቀጥቃጩ እንዴት ቡዳ ተባለ?

በጎንደር ዙሪያ የብረትና የሸክላ ሥራ በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ሥራ ነበር። በሌሎች አውራጃዎች ክርስቲያን ጠይቦች ነበሩ፤ በትግራይና በሸዋ ስሙ እነርሱንም ተከትሏቸዋል። ቤተ እስራኤል ግን ከሌላው ባለ እጅ የሚለዩበት ተጨማሪ ሸክም ነበረባቸው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ዐፄ ይስሐቅ (እ.ኤ.አ. 1414–1429) ድል ካደረጓቸው በኋላ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ደነገጉ። ርስት የሌለው ሰው በገበሬ አገር እንዴት ይኖራል? የሌላውን መሬት በጭሰኝነት ያርሳል፤ ወይም በእጁ ሥራ ያድራል። ስለዚህ ወናፍ፣ መዶሻና ጉጠት የብዙዎች እንጀራ ሆነ። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላም ቤተ እስራኤል በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ ነገሥታቱን አገልግለዋል። ዛሬ የምንኮራባቸው ግንቦች የእነርሱም እጅ አለባቸው።

እዚህ ላይ የነገሩን አካሄድ ልብ ይበሉ። መጀመሪያ መሬት ተነጠቀ፤ ከዚያ መሬት የሌለው ሰው ሌላው የማይወደውን ሥራ ያዘ፤ ከዚያ ሥራው እንደ ርኩሰት ታየ፤ በመጨረሻም ሠሪው ሰው በላ ተባለ። ቀን ቀጥቃጭ፣ ሌሊት ጅብ ነው ተባለለት። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በትግራይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስለ ቀጥቃጮች ቡዳነትና በጆሮው ጉትቻ ስለ ተገኘበት ጅብ የሚወራውን በሰፊው ጽፏል። ከዚህ የከፋም ይነገር ነበር፤ ጌታችን የተቸነከረበትን ምስማር የሠሩት የእነዚህ ሰዎች አባቶች ናቸው ይባል ነበር። አንድ ሰው ማረሻህን ሠርቶልህ፣ ድስትህን ጠፍጥፎልህ፣ ክርስቶስን የሰቀልህ አንተ ነህ ተባለ።

መንግሥትም ጉዳዩን አይቶታል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ከለከሉ፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን የሚያዋርድ ሁሉ አገርን ያለ ሠሪ የሚያስቀር ነው የሚል መንፈስ ነበረው። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ስድቡን የወለደውን ፍርሃት ግን ሊደርስበት አልቻለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም በሕግ ደረጃ የርስትን ግድግዳ አፈረሰ፤ የቡዳውን ስም ግን አላፈረሰም።

ከባዝል ኮረብታ እስከ ጋፋት

አሁን ወደ ስዊዘርላንድ ልውሰድዎት፤ ምክንያቱ ይገለጥልዎታል። በባዝል ከተማ አጠገብ ቅድስት ክሪስኮና የሚባል ኮረብታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1840 በዚያ ኮረብታ ላይ ወጣት የእጅ ባለ ሙያዎችን መጽሐፍ ቅዱስ አስተምሮ የሚልክ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1830 ወደ ጎንደር መጥቶ የነበረው፣ በኋላም የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት፣ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲላኩ አደረገ። ከ1850ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እነ ዮሐንስ ማርቲን ፍላድ፣ ቀጥሎም ቴዎፍሎስ ቫልድማየር መጡ። ፍላድ በደምቢያ ጀንዳ ላይ ለቤተ እስራኤል ወንጌልን ሰበከ። ሌሎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰፈሩ፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከመጽሐፋቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዟቸው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው “ሴባስቶፖል” ከዚያ ወጥቶ ወደ መቅደላ ተጎተተ።

እንግዲህ በቤጌምድር የወንጌላውያን ታሪክ መጀመሪያ ላይ የምናገኘው የብረት ማቅለጫ ምድጃ ነው። ወንጌሉን ይዘው የመጡልን ሰዎች ባለ እጆች ነበሩ። ወንጌላዊ ክርስቲያን ሆኖ ቀጥቃጭን የሚንቅ ሰው የገዛ የታሪክ አባቶቹን ይንቃል።

ቫልድማየር ከመቅደላ ውድቀት (እ.ኤ.አ. 1868) በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደ። በዚያም ብዙ የአእምሮ ሕሙማን ጋኔን አለባቸው ተብለው በሰንሰለት እየታሰሩ ሲሠቃዩ አየ። እ.ኤ.አ. በ1896 ሰው አስተባብሮ በቤይሩት አጠገብ አስፉሪዬ የተባለውን የአእምሮ ሆስፒታል ለማቋቋም ተነሣ፤ ሆስፒታሉም በ1900 ሥራ ጀመረ። ጋፋት ላይ መድፍ ያቀለጠው እጅ በስተ እርጅናው የታሰረ በሽተኛ ሰንሰለት ፈታ። በአጋንንት መኖር የሚያምን ወንጌላዊ፣ በሽተኛ ሁሉ ጋኔን ያደረበት እንዳልሆነም ሊያውቅ እንደሚችል የዚህ ሰው ሕይወት ምስክር ነው።

ካርል ዩንግ የተወለደው የመቅደላ እስረኞች ከተፈቱ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። አባቱ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበር። ከ1879 ጀምሮ ያደገው በባዝል አጠገብ በክላይንሂኒንገን ሲሆን፣ ቦታው ከክሪስኮና ኮረብታ የሚርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነው። ከአንድ አካባቢ አንዱ መንገድ በወንጌል ወደ ጋፋት ምድጃ፣ ሌላው በሥነ ልቡና ወደ አልኬሚ ምድጃ ወሰደ።

አልኬሚስቱና ባላገሩ

አልኬሚ ተራ ብረትን ወደ ወርቅ እለውጣለሁ የሚል ጥንታዊ ጥበብ ነው። ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1944 “ሥነ ልቡና እና አልኬሚ” የተባለውን ትልቅ ሥራውን አሳተመ። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ አልኬሚስቶቹ ስለ ማዕድን የጻፉ መሰላቸው እንጂ ሳያውቁት የጻፉት ስለ ገዛ ልባቸው ነው። በምድጃው ውስጥ መጀመሪያ ጥቁረት፣ ቀጥሎ ንጣት፣ በመጨረሻ ቅላት ይመጣል ሲሉ፣ የሰው ልቡና በሐዘን ጠቁሮ፣ ነጽቶ፣ በሕይወት የሚቀላበትን መንገድ እየተረኩ ነበር። በውስጣቸው ያለውን ከውጭ በብረቱ ላይ አዩት። ይህን ዩንግ ፕሮጀክሽን ይለዋል፤ የራስን በሌላው ላይ መጣል ማለት ነው። ሃይማኖቶችን ያጠናው ሚርቻ ኤልያዴም እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ቀጥቃጮችና አልኬሚስቶች ባሳተመው መጽሐፍ፣ እሳትን የሚገዛና ማዕድንን የሚለውጥ ሰው በብዙ ሕዝቦች ዘንድ እንደሚፈራ፣ በአንዳንዶች ዘንድ እንደሚከበር፣ በሌሎች እንደሚናቅ አሳይቷል።

አሁን ሁለቱን እናገናኛቸው። አልኬሚስቱ ልቡን በብረቱ ላይ ጣለ። የእኛ ባላገር ግን ልቡን በብረት ሠሪው ላይ ጣለ። የመጀመሪያው ስሕተት ብዙ ከሰል አባከነ፤ የሁለተኛው ስሕተት ሰው አጠፋ።

በልባችን ያለ፣ የእኔ ነው ልንለው የማንደፍረው ክፍል ዩንግ “ጥላ” ይለዋል። ቃሉ በእኛ ቋንቋ እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ። በአማርኛ ጥላ ብዙ ጊዜ መልካም ነው፤ ጥላ ከለላ እንላለን፤ የተከበረ ሰው ጥላው ይከብዳል፤ ግርማ የራቀውን ጥላ ቢስ እንለዋለን። የዩንግ ጥላ ግን ከብርሃን የተደበቀ ቅናታችን፣ ምኞታችንና ቁጣችን ነው። ሰው ይህን በራሱ ውስጥ ማየት ስለማይችል በጎረቤቱ ፊት ላይ ያየዋል። አባቶቻችን ይህን ለመናገር ዩንግን አልጠበቁም፤ “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” ብለዋል።

ቡዳ ምን ያደርጋል ተብሎ ነው የሚፈራው? በቅናት ያያል፤ የሌላውን መልክ፣ የሌላውን ልጅ፣ የሌላውን ምግብ ይመኛል፤ በዓይኑ ይበላል። አሁን በሐቅ እንጠይቅ። በጎንደር ታሪክ ማን የማንን በላ? ርስቱን ያጣው ማን ነው? በጉልበቱ ፍሬ ሌላው የኖረበትስ ማን ነው? በልቶ የተገኘው ባለ ርስቱ ሆኖ ሳለ ሰው በላ የተባለው ርስት የለሹ ሆነ። ጥላ ማለት ይህ ነው። ምናልባትም በዳዩ የበደለው ሰው አንድ ቀን ይቀናብኛል፣ ይበቀለኛል ብሎ በውስጡ ይፈራ ነበር፤ ያ ፍርሃት ሌሊት ጅብ ሆኖ መጣ።

ይህን የሚያጸና ታሪካዊ ማስረጃ በዘመናችን አይተናል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በ“ዘመቻ ሙሴ” በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች በሺህ የሚቆጠሩት አልቀዋል። ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 (እ.ኤ.አ.) በ“ዘመቻ ሰለሞን” ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ዛሬ ለጎብኚ በሚሸጡ የሸክላ ምስሎች የምትታወቅ መንደር ናት። ቡዳ የተባሉት ሰዎች ከሄዱ አንድ ትውልድ አለፈ። የቡዳው ፍርሃትስ አብሮ ሄደ? አልሄደም። ዛሬም ሕፃን ሲታመም ስሙ ይነሣል። ሰውየው ሄዶ ፍርሃቱ ከቀረ፣ ፍርሃቱ መጀመሪያም የሰውየው አልነበረም፤ የእኛ ነበር።

ዩንግ የማይደርስበት

እስከዚህ ድረስ ዩንግ ጠቅሞናል። ከዚህ በኋላ ግን ልንከተለው አንችልም። በሦስት ምክንያት።

አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 “ለኢዮብ የተሰጠ መልስ” በተባለው መጽሐፉ ጨለማውን እስከ እግዚአብሔር ማንነት አደረሰው። ለእርሱ ጥላ መታወቅና ከማንነታችን ጋር መዋሐድ ያለበት ነገር ነው፤ እግዚአብሔርም ሳይቀር ጥላ አለው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ጨለማ ከቶ እንደሌለ ያስተምራል (1ዮሐ. 1፥5)። ኃጢአትም የሚያስፈልገው መናዘዝና መንጻት ነው (1ዮሐ. 1፥9)።

ሁለተኛ፣ ዩንግ ክርስቶስን የ“ራስ” ሙሉነት ምሳሌ አድርጎ ያጠናዋል፤ ለእርሱ የሚያሳስበው ምስሉ በልቡና ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ለእኛ ግን መስቀሉ በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን በኢየሩሳሌም የሆነ ነገር ነው። ምስል ብቻውን ኃጢአትን አያስተሰርይም። ስለ ምስማሩ የተነገረውንም ሐሰት የሚያፈርሰው ይህ ነው፤ ክርስቶስ የሞተው ስለ ሁላችን ኃጢአት ከሆነ፣ ምስማሩን የሠራውን ወገን ለይቶ መፈለግ ከገዛ ጥፋት መሸሽ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕውቀት ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ለዚህ ራሱ ዩንግ ምስክር ነው። ስለ ጥላ ያስተማረው ሰው፣ ሂትለር ሥልጣን በያዘ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ጽሑፍ የአይሁድ ልቡናና “አርያን” ያለው ልቡና በዓይነታቸው እንደሚለያዩ፣ ሁለተኛውም የላቀ እምቅ ኃይል እንዳለው ጻፈ። የጥላን ነገር የሚያውቅ ሰው በጎረቤቱ ላይ ጥላውን ጣለ፤ ያም ጎረቤት አይሁዳዊ ነበር። ለጎንደር ታሪክ ይህ ባዕድ አይደለም።

ወንጌሉ ምን ይላል?

ጌታችን ሰውን የሚያረክሰው ከውጭ የሚገባው እንዳልሆነ፣ ከልብ የሚወጣው እንደ ሆነ ባስተማረ ጊዜ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱን የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ምቀኝነት ይለዋል (ማር. 7፥20–23)። በግሪኩ ቃሉ “ክፉ ዓይን” ነው። ይህን በቀስታ ያስቡት። የዓለም ሕዝብ ሁሉ ክፉ ዓይን የሌላ ሰው ነው ብሎ ሲሸሽ፣ ኢየሱስ ግን ክፉ ዓይን ከአንተ ልብ ይወጣል አለ። ጳውሎስም የገላትያን ሰዎች ማን አዚም አደረገባችሁ ብሎ ሲጠይቅ (ገላ. 3፥1) በዓይን ስለ መጉዳት የሚነገርበትን ግሥ ነው የተጠቀመው፤ ነገር ግን ወደ ቀጥቃጭ ቤት አልሄደም፤ ዓይናቸውን ወደ ተሰቀለው ክርስቶስ መለሰ።

ስለ ባለ እጅም መጽሐፉ የሚለው ከተረቱ ተቃራኒ ነው። ከሰልን በወናፍ የሚያናፋውን ቀጥቃጭ የፈጠርሁት እኔ ነኝ ይላል እግዚአብሔር (ኢሳ. 54፥16)። የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት የተነገረለት ባስልኤል ወርቅ፣ ብርና ናስ ይሠራ ነበር (ዘጸ. 31፥1–5)። ጌታችንን የናዝሬት ሰዎች የናቁት በእጅ ሥራው ነው (ማር. 6፥3)። ጸሐፍትም ብዔል ዜቡል አለበት አሉት (ማር. 3፥22)። በእጅ ሙያው ተንቆ፣ ጋኔን አለበት ተብሎ፣ ከከተማ ውጭ የተጣለ ሰው ማን ነው? በጎንደር ቋንቋ ቢነገር ክርስቶስ የቆመው ቡዳ በተባለው ሰው ቦታ ላይ ነው።

የተደበቁትን ልጆችስ? በተረቱ ውስጥ እግዚአብሔር የተደበቀውን አግኝቶ ይረግማል። በዘፍጥረት ግን አዳምና ሔዋን ራሳቸው ሲደበቁ፣ እግዚአብሔር ወዴት ነህ ብሎ ፈለጋቸው፤ የኃጢአታቸውን ፍርድ ነገራቸው፤ ያም ሆኖ ልብስ አለበሳቸው (ዘፍ. 3፥9፣ 21)። አውሬ አላደረጋቸውም። ተረቱ የፍርሃታችንን ልክ ይነግረናል፤ የእግዚአብሔርን ልብ ግን ከቃሉ እንማራለን።

ለአገልጋይ

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ሦስት ነገር እለምንዎታለሁ።

በነጻ ማውጣት ጸሎት ጊዜ መንፈሱን “ማን ላከህ? የማን ቤት ነህ?” ብለው አይጠይቁ። የተጨነቀ ሰው ሲለፈልፍ የጎረቤት ስም ቢወጣ እንደ ምስክርነት አይቀበሉት፤ ለቤተ ሰቡም አያስተላልፉት። አጋንንት እንዳሉ እናምናለን። ነገር ግን በአጋንንት መኖር ማመንና የአጋንንትን ቃል ማመን የተለያዩ ናቸው። ዲያብሎስ የሐሰት አባት ነው (ዮሐ. 8፥44)። ጌታችን አጋንንትን እንዳይናገሩ ከለከለ (ማር. 1፥34)፤ ጳውሎስም እውነት የሚመስል ነገር የምትጮኸውን ገረድ መንፈስ ዝም አሰኘ (ሐዋ. 16፥16–18)። በጌርጌሴኖን አገር ኢየሱስ የመንፈሱን ስም ጠየቀ እንጂ የጎረቤት ስም አልጠየቀም (ማር. 5፥9)። በሽተኛውንም ከጸሎት ጋር ወደ ሐኪም ይላኩት፤ የቫልድማየርን አርአያ ያስታውሱ።

ደግሞም ከመድረክ ስለ ቅናት ይስበኩ። ቅናት በስሙ ሲጠራና ሲናዘዙት በሌላ ሰው ላይ ሊጣል አይችልም። በጉባኤዎ ውስጥ የጎረቤቱ በሬ ሲወፍር፣ የወንድሙ ልጅ ፈተና ሲያልፍ ልቡ የሚቆስል ሰው ካለ፣ ያን ቁስል በእግዚአብሔር ፊት የሚናገርበት ቦታ ይስጡት። ቦታ ካላገኘ ነገ የሚከስሰው ሰው ይፈልጋል።

በመጨረሻም ነገሩ በማዕድና በጋብቻ ይታይ። በብዙ ጉባኤዎቻችን ስሙ በሹክሹክታ የሚጠራ አንድ ቤተ ሰብ አለ። እርስዎ ያውቁታል። ልጃቸው ለጋብቻ ስትጠየቅ ሽማግሌዎቹ “ዘራቸው ይጣራ” ሲሉ ምን መልስ እንደሚሰጡ ከአሁኑ ይወስኑ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን፣ ምእመናን እያዩ፣ ወደዚያ ቤት ይግቡ፤ ያቀረቡልዎትን እንጀራ ይብሉ፤ ቡናውንም እስከ በረካው ጠጥተው ይውጡ።